ሩዙ ስም አለው፤ ፍየሉስ?

እሑድ ቀን በአዲስ አበባ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች ወደ አንዱ ለምሳ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ክዳናቸው የሚያብረቀርቅ፣ ከሥራቸው እሳት የተለኮሰባቸው የምግብ ማሞቂያዎች ተሰልፈው ነው። በአንደኛው ጥግ ሰላጣው፣ አይቡና የዳቦው ዓይነት፤ ቀጥሎ ፓስታውና የተጠበሰው ዓሣ፤ ወደ መሐል በሸክላ የቀረበው ዶሮ ወጥና ሽሮ፤ ከዚያ ወዲያ የሕንዱ ማዕድ። የምስር ዳል፣ በሽምብራ የሚሠራው ቻና ማሳላ፣ ከእሳት የወጣው ናን፣ በእርጎ የተለወሰው ራይታ፣ በመሐላቸውም እንፋሎቱ ገና ያልበረደ ቢሪያኒ። በየማሞቂያው ፊት የምግቡን ስም የሚናገር ትንሽ ካርድ ይቆማል። የቢሪያኒው ካርድ ሩዙ «ባስማቲ» መሆኑን ለመጥቀስ አይረሳም። ሥጋውን ግን «መተን» ብሎ ያልፈዋል።

«መተን» በእንግሊዞቹ ዘንድ የበግ ሥጋ ነው። በሕንድ ግን ሥጋ ሻጩም ወጥ ቤቱም በዚሁ ቃል የሚጠሩት በአብዛኛው የፍየል ሥጋን ነው። ስለዚህ በሕንዶች ምግብ ቤት «መተን ቢሪያኒ» ወይም «መተን ኮርማ» ሲባል ከማሰሮው ውስጥ ፍየል መኖሩን መገመት ይቻላል። ለመሆኑ ያ ፍየል ከየት መጣ? ከቦረና ይሁን ከሐረርጌ፣ ከአፋር ይሁን ከባቲ፣ በላተኛው አያውቅም፤ አስተናጋጁም አይጠየቅም፤ የሆቴሉ ግዢ ክፍል ራሱ የሚያውቀው ሥጋውን ያስረከበውን አቅራቢ እንጂ የፍየሉን ገበያ አይደለም። ሩዙ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ስሙን ይዞ መጣ። ፍየሉ በገዛ አገሩ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ስሙን መንገድ ላይ ጥሎ ገባ።

ጉዳዩ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ለነጋዴ ባልተነሣ ነበር። ነገር ግን በሰኞ ገበያ ፍየሉን ያቀረበው ሰው ከቡፌው ዋጋ የሚደርሰው ድርሻ እንዲህ ያነሰበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው አልቆ የአፋር ቆላ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ የተቀመጠች የንግድ ከተማ ናት። አስተዳደሯ ዋና ከተማው ከሚሴ በሆነው በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሥር ነው። የሰኞ ገበያዋ በአገሪቱ ከሚታወቁት ትልልቅ የገጠር ገበያዎች አንዱ ሲሆን አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይወጣበታል፣ የደጋው ገበሬ እህሉን ጭኖ ይወርድበታል፣ የአካባቢው ኦሮሞና አማራ ነጋዴ ሁለቱን ያገናኝበታል። የከተማይቱን ስም ሙዚቀኛ በቅኝቱ ያውቀዋል፤ ቆዳ ነጋዴ ደግሞ በፍየሉ። የባቲ ፍየል ቆዳ «ባቲ ጀኑይን» በሚል መጠሪያ በውጭ ገበያ ለብዙ ዓመታት ሲፈለግ ኖሯል። ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ በመሆኑ ስዌድ ለሚባለው ለስላሳ ቆዳ የሚመረጥ ነው። አውሮፓዊው ቆዳ ፋቂ ባቲን በካርታ ላይ ፈልጎ ላያገኛት ይችላል፤ ስሟን ግን በደረሰኙ ላይ ጽፏል።

እንግዲህ ከአንድ እንስሳ ላይ ቆዳው ስም አገኘ፣ ሥጋው አላገኘም። የሚያስገርመው ደግሞ ስም ያገኘው ቆዳ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋጋው ወድቆ በበዓል ማግሥት በየሰፈሩ እስከ መጣል መድረሱ ነው። ስም የሌለው ሥጋ ተወደደ፣ ስም ያለው ቆዳ ረከሰ። የባቲ ነጋዴ አባቶቹ ለቆዳው ያተረፉለትን ስም ለሥጋው እንዳይጠቀምበት የከለከለው አንድም ሕግ የለም።

የትልልቆቹን ሆቴሎች ቡፌ ነጋዴ በነጋዴ ዓይን ቢያየው ጥሩ ነው። ሒልተን እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሸራተን አዲስ በ1990 ዓ.ም ሲከፈቱ ቡፌ የባለሥልጣንና የዲፕሎማት ማዕድ ነበር። ሸራተን ሻሂን የሚባል የሕንድ ምግብ ቤት ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ የሆቴሉ ቁጥር በዛ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በጥር 2011 ዓ.ም ስካይላይትን በ373 ክፍሎች ከፈተ፤ በኋላም ማስፋፊያ ጨምሮ ክፍሎቹን 1,024 አደረሳቸው። አየር መንገዱ ወደ ዴልሂና ወደ ሙምባይ ይበራል፤ በአዲስ አበባ አልፎ ወደ ሌሎች የአፍሪካ ከተሞች የሚሄደው ሕንዳዊ መንገደኛ አንዳንዴ አድሮ ይነሣል። እንግዲህ የሕንዱ ጥግ በትልልቅ ቡፌዎች ላይ የቆመው ለጌጥ አይደለም፤ የሚበላው እንግዳ ስላለ ነው።

ለፍየል ነጋዴ ከዚህ የበለጠ ምሥራች አለ። የዓለም አቀፍ ሆቴል ምግብ አዘጋጅ ትልቁ ራስ ምታት ሁሉም የሚበላው ቀይ ሥጋ ማግኘት ነው። የአሳማ ሥጋን ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አይነካውም። የበሬ ሥጋን ሂንዱው አይበላም። የበግ ሥጋ ጠረኑ የሚከብደው ሰው አለ። ፍየል ግን ከአረቡም፣ ከሕንዱም፣ ከናይጄሪያውም፣ ከሐበሻውም ገበታ ላይ ይቀመጣል። (የእርዱ ነገር እንዳለ ሆኖ ነው። በአገራችን የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ የሚለው ልዩነት ስላለ ጠንቃቃ ሆቴል በካርዱ ላይ ይጽፈዋል።)

ቡፌ የራሱ ሒሳብ አለው። በላተኛው አንድ ዋጋ ከፍሎ የፈለገውን ያህል ያነሣል፤ ሆቴሉ ደግሞ የሚያተርፈው ከአማካዩ ነው። አንዱ ሦስቴ ተመላልሶ ሥጋ ብቻ ቢያነሣ ሌላዋ ሰላጣና ፍራፍሬ ብቻ በልታ ትወጣለች። ሰልፉ በዳቦና በሰላጣ የሚጀምረው፣ ሩዙ ከሥጋው በፊት የሚቀመጠው፣ ውድ የሆነው ጥብስ ቢላ የያዘ ሰው ቆሞለት የሚቆረሰው ሁሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰሃኑ ውዱ ጋ ሳይደርስ በርካሹ እንዲሞላ ነው። በሆቴል ሙያ የተለመደው ስሌት የምግቡ ጥሬ ዕቃ ከመሸጫ ዋጋው ሲሶ ገደማ እንዳያልፍ ነው። የሕንድ ምግብ ለዚህ ስሌት ተፈጥሮለታል ማለት ይቻላል። ወጡ በማሞቂያ ላይ ሰዓታት ቢቆይ እንደ ስቴክ አይደርቅም። ምስሩና ሽምብራው ርካሽ ናቸው። ቅመሙ ከአጥንት ጋር የተቆረጠን ተራ ብልት የክብር ምግብ ያደርገዋል። ቢሪያኒ ደግሞ ጥቂት ሥጋ በብዙ ሩዝ ውስጥ ተቀብሮ በመዓዛው ብቻ ሙሉ የሚመስል ምግብ ነው።

እስቲ በቁጥር ይታይ። 24 ኪሎ የሚመዝን ወጠጤ ቢታረድ ከቁም ክብደቱ 42 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 10 ኪሎ ገደማ ሥጋ ከነአጥንቱ ይወጣዋል። ለአንድ ሰሃን ከነአጥንቱ 180 ግራም ቢመደብ ከ50 በላይ ሰሃን ይሆናል። በቡፌ ላይ ሰው ከሁሉም ዓይነት ቆንጠር እያደረገ ስለሚያነሣ የአንዱ ድርሻ 100 ግራም ቢሆን ደግሞ አንድ ወጠጤ ለመቶ ሰው ይዳረሳል። አሁን አንባቢ በሚያውቀው ሆቴል የአንድ ሰው የቡፌ ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ በላዩ ላይ የሚጨመረውን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ሳይቆጥር፣ በመቶ ያባዛው። ከዚያ ባለፈው ሰኞ አንድ ወጠጤ ባቲ ላይ ስንት እንደወጣ ይጠይቅ። እርግጥ ነው፣ በመሐል ሩዝ አለ፣ ዘይት አለ፣ የወጥ ቤት ደሞዝ፣ መብራት፣ የባንክ ዕዳ አለ። ሆቴሉ ዘረፈ የሚል የለም። የሚነሣው ጥያቄ ፍየሉ ለምን በግምት እንደሚሸጥ ነው።

ባቲ ላይ ደላላው ወገቡን ጨበጥ፣ ጭኑን ዳበስ አድርጎ ዋጋ ይጠራል። ባለ ፍየሉ ይምላል፤ ደላላው ይስቃል፤ መሐል ቤት ይገናኛሉ። የደላላው እጅ ሚዛን አይደለም እንዳይባል እጅግ የሠለጠነ ሚዛን ነው፤ ጉዳቱ የሚያየውን ቁጥር የሚያውቀው አንደኛው ወገን ብቻ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ገዢ በልቡ ኪሎ እያሰላ በቁም ይገዛል፤ ሆቴሉ ጋ ሲደርስ ግን በኪሎ ይሸጣል። በቁም ከመግዛትና በኪሎ ከመሸጥ መካከል ያለው ልዩነት የእሱ ትርፍ ነው። ብልህ ነጋዴ ነውና አይወቀስም። የባቲው ነጋዴ ግን በገበያው መግቢያ ላይ አንድ የእንስሳ ሚዛን ቢያቆም ያ ልዩነት ለሁለት ይከፈል ነበር።

የሕንዱ ማሰሮ ሌላም የሚያስገርም ነገር አለው። የአዲስ አበባ የበዓል ገዢ የሚፈልገው ስብ የተሸከመ ሙክት ነው። ቢሪያኒና ኮርማ ግን ጮማ አይሹም፤ ለጋ፣ ስቡ ጥቂት፣ አጥንቱ ያልገፋ ወጠጤ ይፈልጋሉ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚገዙትም ይህንኑ ነው፤ በሞጆና በቢሾፍቱ ያሉ የኤክስፖርት ቄራዎች ለሳዑዲና ለዱባይ የሚያርዱት ትንንሽና ቀጫጭን የቆላ ወጠጤዎችን ነው። የደጋ እንስሳ ሥጋ ቶሎ እየጠቆረ ስለሚያስቸግራቸው የቆላውን ይመርጣሉ። ከአፋር በረሃ ወደ ባቲ የሚወጣው ፍየል እንግዲህ ከሁለቱም ወገን የሚፈለገው ዓይነት ነው። የበዓል ገዢ «ከሳ» ብሎ የሚያልፈው ወጠጤ ለሕንዱ ወጥ ቤት ምርጡ ዕቃ ነው። ሁለቱን ዓይነት ለይቶ፣ አንዱን ለበዓል አንዱን ለሆቴል መሸጥ የቻለ ነጋዴ በአንድ ሰኞ ሁለት ገበያ አገኘ ማለት ነው።

«ታዲያ የባቲ ሰው ለምን ራሱ ለሆቴሉ አይሸጥም?» ቢባል መልሱ ስንፍና አይደለም። መልሱ የሚገኘው በክፍያው ቀን ላይ ነው። ፍየሉን ይዞ የመጣው አርብቶ አደር ገንዘቡን በጥሬው፣ ያውም ከቀትር በፊት ይፈልጋል፤ እህልና ጨርቅ ገዝቶ ሳይመሽ ወደ ቆላው መመለስ አለበት። ትልቅ ሆቴል ደግሞ ደረሰኝ ተቀብሎ፣ ሰነዱ በግዢ፣ በዕቃ ግምጃ ቤትና በሒሳብ ክፍል ዞሮ፣ ቼኩ ወር ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይወጣል። ሥጋው ዛሬ ተበልቶ ገንዘቡ ለወር ይተኛል። ይህን የወር ክፍተት በገዛ ኪሱ የሚሞላው የአዲስ አበባው አቅራቢ ነው። ስለዚህ ያ ሰው ሥጋ ነጋዴ ብቻ ሳይሆን ባንክ ነው፤ ትርፉ ውስጥ የባንክነቱ ዋጋ አለበት። አቅራቢውን «ጥገኛ» እያሉ መሳደብ ቀላል ነው። የእሱን ቦታ መያዝ የፈለገ ግን ስድቡን ትቶ ለአንድ ወር የሚተኛ ገንዘብ ከየት እንደሚያመጣ ያስብ።

እዚህ ላይ በባቲና በከሚሴ የቆየ እንቅፋት አለ። አብዛኛው ነጋዴ ሙስሊም በመሆኑ በወለድ መበደርን አይፈልግም። ይህ ምክንያት ግን ዛሬ እንደ ቀድሞው አይሠራም። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት ተፈቅዷል፤ ዘምዘምና ሂጅራ የተባሉት ባንኮች በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎቹ ባንኮችም ለዚሁ የተለየ መስኮት ከፍተዋል። ሙሻረካ የሚባለው የሽርክና ውል፣ ባንኩ ገንዘብ ነጋዴው ሙያና ገንዘብ አዋጥተው ትርፉንም ኪሳራውንም የሚካፈሉበት፣ ለፍየል ንግድ ባዕድ አይደለም፤ የወሎ ነጋዴ ያለ ባንክ ሲሠራበት የኖረ ልማድ ነው። ባንኩ ግን ተሸርኮ የሚገባው መዝገብ ላለው፣ ደረሰኝ ለሚቆርጥ፣ የሆቴል ውል በእጁ ለያዘ ሰው ነው። አምስት ነጋዴ ተሰብስቦ አንድ ማኅበር ቢያቆም፣ ግብር ከፋይነቱን ቢያስመዘግብ፣ የመጀመሪያውን የስድስት ወር ውል ቢፈርም በሩ ይከፈታል። በየግል እየሮጡ «ባንክ ፊት ነሣን» ማለት አያዋጣም።

ከሆቴሎቹም ወገን እውነተኛ ቅሬታ አለ። «የክፍለ አገር አቅራቢ ሁለት ሳምንት ያመጣና በሦስተኛው ይጠፋል» ይላሉ። ይህ ሐሰት አይደለም። በአረፋ ሰሞን ወጠጤው ወደ ውጭ ይጎርፋል፤ በገናና በፋሲካ የአዲስ አበባ ገበያ ያብዳል፤ ያን ጊዜ በቋሚ ዋጋ ለሆቴል ለማቅረብ የፈረመ ሰው ቃሉን ለመጠበቅ መላእክት መሆን ያስፈልገዋል። ቡፌ ደግሞ ዕረፍት የለውም። ቢሪያኒው የጎደለበት ሆቴል እንግዳውን «ፍየል ተወደደ» ብሎ አያሰናብትም። መፍትሔው ዋጋውን ዓመቱን ሙሉ ከማሰር ይልቅ በኪሎ ሆኖ በየወሩ ከሰኞው ገበያ አማካይ ዋጋ ጋር የሚሄድ ውል መጻፍ ነው፤ ለበዓል ሳምንታትም አስቀድሞ የታወቀ ጭማሪ ይቀመጥለታል። ሆቴሉ ዕቃው እንደማይቋረጥ ያውቃል፤ ነጋዴውም ውሉን ለማፍረስ የሚገፋፋው ምክንያት ይቀንስለታል።

መንገዱም ሌላ ጉዳይ ነው። ባቲ በ2014 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት በጦርነቱ እጅ የተለዋወጠች ከተማ ናት፤ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭትም መንገድ ሲዘጋ ጭነት ሲቆም ታይቷል። ነፍስ ያለው ጭነት በኬላ ሁለት ቀን ቢያድር ክብደቱ ይቀንሳል፤ የሚሞትም አለ። በዚህ ምክንያት ፍየሉን በቁሙ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ከመንዳት በቅርብ አርዶ በበረዶ መኪና ሥጋውን መላክ የተሻለ ነው የሚለው አስተያየት ክብደት አለው። ኮምቦልቻ ከባቲ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አትሞላም፤ የቆዳ ፋብሪካም አለባት። የቀድሞው የኮምቦልቻ ሥጋ ፋብሪካ ወደ ግል ሲዛወር የተጠቃለለው ከሸራተን ባለቤት ኩባንያዎች አንዱ በሆነው በኤልፎራ ሥር ነበር። አንድ ባለሀብት በአንድ እጁ ለባቲ የቀረበ የሥጋ ፋብሪካ፣ በሌላ እጁ የሕንድ ምግብ ቤት ያለበት ሆቴል መያዙን ነጋዴ አስተውሎት ያውቃል? ቄራው ቅርብ ቢሆን ቆዳውም በወጉ ተገፍፎ ሳይበሳሳ ይተርፍ ነበር፤ «ባቲ ጀኑይን» የሚለው ስምም የሚያርፍበት ቆዳ ያገኛል።

ነገሩ በፍየል ብቻ አያበቃም። የሕንዱ ማዕድ ግማሹ ሥጋ አልባ ነው። ሆቴሎች በረቡዕና በዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ሲቸገሩ ከሕንዱ ጥግ ቻናውን ወደ ጾሙ ረድፍ ያሻግሩታል። (የጾም በላተኛ ግን ይጠንቀቅ፤ ዳሉ ብዙ ጊዜ በቅቤና በክሬም ይሠራል፣ ፓኒር የሚባለውም አይብ ነው። በዘይት ካልተሠራ ጾም አይደለም።) ሽምብራን በተመለከተ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚ አምራች ናት። ሕንዶች «ሙንግ ዳል» የሚሉት ደግሞ ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴና ቃሉ ባለው ቆላማ ቀበሌ የሚዘራው ማሾ ነው። ማሾ ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚገበያይ፣ ሕንድም የምትገዛው እህል ሆኖ ሳለ በገዛ አገሩ የሆቴል ቡፌ ላይ እምብዛም አይታይም። የአካባቢው ሰው ሳምቡሳን ከሕንድና ከአረብ ነጋዴዎች ተቀብሎ የረመዳን ማፍጠሪያው ካደረገ ትውልዶች አልፈዋል። ዳሉን ለማስተዋወቅ ያን ያህል ጊዜ መጠበቅ የለበትም።

የብሩ የምንዛሪ ዋጋ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ለሆቴሉ ከብዶታል። ባስማቲው፣ ዘይቱ፣ የታሸገው ቅመም በዶላር ነው። እርዱ፣ ዝንጅብሉ፣ ምስሩ፣ ማሾውና ፍየሉ በብር ነው። የሆቴሎች ግዢ ክፍሎች ዛሬ የአገር ውስጥ አቅራቢን እንደ ቀድሞው ከበር ለመመለስ አይደፍሩም፤ ደረሰኝና ሚዛን የያዘ ሰው ከመጣላቸው ቁጭ አድርገው ያነጋግሩታል። ይህ ጊዜ ግን ዝንተ ዓለም አይቆይም። የቦረናውና የሐረርጌው ነጋዴ ለቄራዎቹ በኪሎ መሸጥ የለመደ ነው፤ በዚህ ከባቲው ቀድሞታል።

ሕንዶቹ ባስማቲን ያስከበሩት በዝምታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በዚያ ዓይነት ሩዝ ላይ የፈጠራ መብት ሲያወጣ ተሟግተው አብዛኛውን አሰርዘውበታል፤ በ2016 ደግሞ ስሙን የሩዙ መብቀያ ለሆኑት አውራጃዎቻቸው በሕግ አስመዝግበውታል። እኛም የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋጨፌን ቡና ስም ለማስመዝገብ ከትልቅ ኩባንያ ጋር እንደተከራከርን ይታወሳል። ለፍየል እንዲህ ያለ ክርክር ገና አልተጀመረም፤ ለመጀመር ደግሞ ጠበቃም ዋሽንግተንም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሰኞ ጠዋት የገበያው በር ላይ የሚቆም ሚዛን፣ በሥጋው ላይ የሚመታ ማኅተምና የሆቴሉ ምግብ አዘጋጅ በካርዱ ላይ ከ«መተን» በፊት አንዲት ባለ ሁለት ፊደል ቃል እንዲጨምር የሚያግባባ ነጋዴ ነው።